በዓይነ ቁራኛ፦ እስረኛና ጠባቂ በታሪክ ሥዕሎች



«ልጁን በዓይነ ቁራኛ ጠብቂው»፣ «ዕቃዬን በዓይነ ቁራኛ ተመልከትልኝ» ሳይባል የሚውልበት ቤት ያለ አይመስለኝም። እኔም እዚህ ኮልፌ ልጆች ሳስተምር በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ቆጥሬው አላውቅም። ቃሉን እንናገረዋለን እንጂ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አናስብም። ቁራኛ የዓይን ዓይነት አይደለም። ቁራኛ ሰው ነው። እንዲያውም ሁለት ሰው ነው ቢባል ይሻላል።

በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት ቁራኛ ማለት ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ሰንሰለት የታሰረ ሰው ነበር። እስር ቤት በየአውራጃው ባልነበረበት ዘመን ባለዕዳ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው፣ ወይም የተከሰሰ ሰው እንዳይጠፋ ሲፈለግ፣ ዳኛው አበዳሪንና ተበዳሪን፣ ከሳሽንና ተከሳሽን እጅ ለእጅ አቆራኝቶ ይሰዳቸው ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ነገሩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ አንዱ ያለ ሌላው አንድ ርምጃ መራመድ አይችልም። ቁርኣን ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው ማዘዙን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥርዓት ከባድ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ባለዕዳውን የሚያስር ባለገንዘብ ራሱም ይታሰራል። ጠባቂው ወደ ቤቱ ሄዶ በሰላም የሚተኛበት መንገድ አልነበረም።

በአፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ልማድ ሲያዩ እጅግ ተገረሙ። በእርሳስ ሳሉት፣ በካሜራ አነሱት፣ በመጽሐፍም በፖስት ካርድም አትመው ወደ አገራቸው ላኩት። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱን ያየ ሰው መጀመሪያ አይደነግጥም። ነጭ ሸማ የለበሱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። በመካከላቸው ሰንሰለት አለ። ከሥር የተጻፈው ጽሑፍ ባይኖር የትኛው ባለዕዳ፣ የትኛው ባለገንዘብ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሁለቱም ሙሉ ፊት አላቸው። ሁለቱም ፀሐይ መትቷቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። እኔ እስከማየው ድረስ በአገራችን ከተሳሉት የእስርና የጥበቃ ሥዕሎች ሁሉ እውነቱን አብልጦ የያዘው ይህ ነው። ሌሎቹን ስንመለከት ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል።

(ሕይወት ያለውን ነገር መሳልን በተመለከተ ዑለማዎቻችን የሰጡት ብይን የታወቀ ነው፤ እዚህ ወደዚያ አልገባም። ሌሎች ሥለው ያስቀመጡትን ማንበብ ግን ታሪክን ማንበብ ነው።)

የክርስቲያን ወገኖቻችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያስተዋለ ሰው አንድ ሕግ ያገኛል። ጻድቅ የተባለ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች ተመልካቹን እያየ ይሳላል። ክፉ የተባለ ሰው ደግሞ በጎን ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በክርስቶስ ሕማማትና በቅዱስ ጊዮርጊስ ሰማዕትነት ሥዕሎች ላይ የሚገርፉት፣ የሚያስሩት፣ ገመድ የሚጎትቱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለአንድ ዓይን ናቸው። የክፉ ሰው ዓይን ከተመልካቹ ዓይን ጋር እንዳይገጥም ነው ይባላል። ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወጥቶ ወደ ታሪክ ሥዕልም ገብቷል። በቸርችል ጎዳና የቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች የዓድዋን ጦርነት ሥዕል ፈልጋችሁ ተመልከቱ። በአንድ ወገን ኢትዮጵያውያን በሙሉ ፊት፣ በሌላው ወገን ጣሊያኖች በጎን፣ በአንድ ዓይን ተሰልፈው ታያላችሁ። የሚገርመው ነገር ደግሞ ከእነዚህ ባለአንድ ዓይኖች ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ማራኪዎች ሳይሆኑ ምርኮኞች መሆናቸው ነው።

ለሕፃን ልጅ ይህ ሕግ ቀላል ነው። አንድ ዓይን ያየ ልጅ ክፉው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። ለታሪክ ግን አስቸጋሪ ነው። በር የሚቆልፍ፣ እግር ብረት የሚያስር፣ ዘብ የሚቆም ሰው እንደማንኛችንም ሁለት ዓይን ያለው፣ ማታ ልጆቹ የሚጠብቁት፣ ደመወዙ የማያዳርሰው ሰው ነው። ጥፋቱ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለአንድ ዓይን ፍጡር ቢበድል ምን ይደንቃል?

ስለ እስር ከተሳሉት የአገራችን ታሪኮች ሁሉ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የመቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስል ቻርልስ ዳንካን ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም. አሰሩት። እርሱን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምም ከሐኪሙ ከሄንሪ ብላንክና ከመቶ አለቃ ፕሪዶ ጋር በ1858 ዓ.ም. ተይዞ ወደ መቅደላ አምባ ወጣ። ራሳም የሞሱል ሰው ነበር። እግር ብረቱ ቁልፍ አልነበረውም። ቀለበቱን በእስረኛው ቁርጭምጭሚት ላይ አድርገው በመዶሻ እየቀጠቀጡ ይገጥሙታል፤ ሲፈታም እንዲሁ በኃይል ይከፈታል። እነዚህ እስረኞች በጎጆ ተቀምጠው፣ አገልጋይ ይዘው፣ የጓሮ አትክልት እየተከሉ፣ ገንዘብና ደብዳቤ በመልእክተኛ በድብቅ እየመጣላቸው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆዩ።

ከተፈቱ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ብላንክ መጽሐፍ ጻፈ፤ ራሳም ሁለት ቅጽ ጻፈ፤ ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርንም ጻፈ። የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች የተፈቱትን እስረኞች ሰብስበው አነሷቸው። ኢላስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ሠዓሊውን ዊሊያም ሲምፕሰንን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በለንደን ያለ ነጋዴ ቁርሱን እየበላ የመቅደላን ገደል፣ በሩንና ጎጆውን በሥዕል ሊያይ ቻለ። ጥቂት አውሮፓውያን ታስረው መፈታታቸው ይህን ሁሉ ቀለም አስፈሰሰ።

በዚያው አምባ ላይ ግን ሌሎች እስረኞች ነበሩ። ቁጥራቸው ከአውሮፓውያኑ እጅግ ይበልጣል። ከየአውራጃው የተያዙ መሳፍንት፣ ባላባቶችና ወታደሮች ናቸው። የሸዋው ልጅ ምኒልክ በ1848 ዓ.ም. ገና በልጅነቱ ተማርኮ ወደዚያ ከተወሰዱት አንዱ ነው። ከወሎ ሙስሊም መሳፍንት መካከልም ኢማም አመዴ በዚያ ታስረው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ወርቂት ወሎን የሚያስተዳድሩ፣ ቴዎድሮስን የሚቋቋሙ ብርቱ ሴት ነበሩ።

በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ በሌሊት ከአምባው አምልጦ ወረደ። የሚያልፈው በወርቂት አገር ነው። ወይዘሮ ወርቂት በዚያች ቀን ምን ዓይነት ሚዛን በእጃቸው እንደነበረ አስቡ። ያመለጠውን ልጅ ይዘው ቢመልሱ የራሳቸውን ልጅ በምትኩ ሊያስፈቱ ይችሉ ይሆናል። ቢያሳልፉት ደግሞ ልጃቸው በጠላት እጅ ነው። አሳለፉት። ቴዎድሮስ ይህን ሲያዩ ኢማም አመዴንና አብረዋቸው የታሰሩትን የወሎ ሰዎች በጭካኔ አስገድለው ወደ ገደል አስወረወሩ። ምኒልክ ሸዋ ገብቶ ነገሠ፤ ኋላም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። አዲስ አበባ ራሷ የቆመችው በዚያች ሌሊት ካመለጠው ልጅ ነው። የወርቂት ልጅ ደም ከዚህ ታሪክ ሥር አለ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተደገመ። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ አቅራቢያ ሲደርስ፣ ቴዎድሮስ በአምባው ሥር ባለው ሜዳ ላይ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን በሰይፍና በጠመንጃ አስገደሉ፤ ወደ ገደልም አስወረወሩ። የሜዳው ስም እስላምጌ ነው። በአራተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተያዘች፤ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ።

የአውሮፓውያኑን እስረኞች ፊት ዛሬም በፎቶግራፍ እናያለን። ጺማቸውን፣ የተቀመጡበትን፣ የለበሱትን ልብስ መቁጠር እንችላለን። የኢማም አመዴን ታሪክ የምናገኘው ግን በጽሑፍና በወሎ አዛውንቶች አፍ ነው። በአገራችን ሠዓሊዎች እጅ ደግሞ ቴዎድሮስ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ በሙሉ ፊትና በሁለት ታላላቅ ዓይኖች ይሳላሉ። አገር አንድ ለማድረግ የደከሙ፣ ለጠላት እጄን አልሰጥም ብለው የሞቱ ንጉሥ ናቸውና ማንም በአንድ ዓይን አይስላቸውም። እኔም ይሳሉ አልልም። ነገር ግን ልጆቻችን የጀግናውን ሥዕል በግድግዳ ላይ ሲያዩ ከጀግናው ጀርባ ያለውን ገደልም ማወቅ ይገባቸዋል። ለወሎ ሰው ልጅ የመቅደላ ታሪክ የሽጉጥ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ልጇን የከፈለች እናትም ታሪክ ነው።

አማርኛችን ራሱ የእስር ቤቶቻችን ሥዕል ነው ቢባል አልተጋነነም። «ወህኒ ቤት» የምንለው በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ዘሮች ዙፋን እንዳይሻሙ ታስረው ከሚኖሩበት ከወህኒ አምባ ስም የመጣ ነው። «ከርቸሌ» ደግሞ እስር ቤት ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የተወሰደ ነው። በአዲስ አበባ የነበረውን ትልቁን እስር ቤት ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» አለው። ይህን ስም ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን ከየትኛውም ሠዓሊ ይበልጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የታፈሰ ሰው ታጉሮበታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት በዚያ ግቢ ተረሽነዋል። በቀይ ሽብር ጊዜም ብዙ ወጣት ገብቶበታል። ሕንፃው ከፈረሰ በኋላ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍ በግድግዳ ሙሉ ደርድሯል፤ የማሠቃያ ዕቃዎቹም አሉ። ወደዚያ ልጆቹን የሚወስድ ወላጅ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፊት ቆም ይበል እላለሁ። አብዛኛው የመታወቂያ ወይም የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ነው፤ በቀጥታ ወደ እኛ ያያሉ።

እስካሁን ያየናቸው ሥዕሎች ሁሉ ከውጭ ሆኖ በተመለከተ ሰው የተሠሩ ናቸው። እስረኛው ራሱ ቢናገር ጠባቂውን እንዴት ይገልጸው ይሆን? እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ይታወሰኛል። ሱረቱ ዩሱፍን ደጋግሜ ለልጆች አስቀርቻለሁ። የእስር ቤቱ ክፍል ሲደርስ ሁለቱ ወጣት እስረኞች አሉ፣ ሕልማቸው አለ፣ ዩሱፍ ስለ አላህ አንድነት የነገራቸው ትምህርት አለ፣ ተፈቶ ሄዶ የረሳው ሰው አለ። ጠባቂው ግን የለም። በሩን የቆለፈው፣ ምግቡን ያቀረበው፣ ዘብ የቆመው ሰው በሱራው ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠራም። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ዓመታት የቆዩት በእርሱ ቁልፍ ሥር ሆኖ ሳለ ታሪኩ ለእርሱ አንድ ቃል አላባከነም።

በኋላ ዘመን የኢራንና የቱርክ የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች፣ በተለይ የሄራቱ ገጣሚ ጃሚ በ15ኛው መቶ ዓመት ስለ ዩሱፍና ዙለይኻ ከጻፈ ወዲህ፣ ይህን ታሪክ በየመጽሐፉ ሥለውታል። የነቢያትን መልክ መሳል እኛ ዘንድ የሚወደድ አይደለም። ሆኖም የሄራቱ ቢህዛድ እ.ኤ.አ. በ1488 የሠራው፣ በካይሮ የሚገኘው የታወቀ ሥዕል አንድ ነገር ያሳያል። የሣለው እስር ቤቱን አይደለም፤ የዙለይኻን ቤት ነው። ደረጃው፣ በሩ፣ ሌላ በር፣ ሌላ ክፍል፣ ሁሉም ዝግ ነው። ከዚያ ቤት ይልቅ እስር ቤትን የመረጠውን ሰው ምክንያት ለመረዳት ያንን ሁሉ የተዘጋ በር ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ከአጠና ተራ እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ የሚመላለስ ሁሉ የኮልፌን የፖሊስ ግቢ ያውቀዋል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በዚህ ሰፈር በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሻለቃ ውስጥ አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ የጦር ትምህርት ይማር ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ነው። ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስን፣ ፈንጂንና ረጅም ጉዞን ተለማመደ። ስልጠናውን በበላይነት የሚመሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር ሊቆይ አስቦ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ኮሎኔሉም ሽጉጥ ሰጥተው ሸኙት። በዚያው ዓመት ሐምሌ እንደተመለሰ ተያዘ። እስከ የካቲት 1982 ዓ.ም. ድረስ 27 ዓመት ታሰረ፤ ከዚህም 18ቱን ዓመት በሮበን ደሴት አሳለፈ። ሸኚው ታደሰ ብሩም ጄኔራል ከሆኑ በኋላ በንጉሡ ዘመን ታሠሩ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸውና በገለምሶ በግዞት ኖሩ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ገደላቸው። አሰልጣኙም ሰልጣኙም በየአገራቸው የእስር በር ተዘግቶባቸዋል። አንዱ ወጥቶ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሌላው ተገደለ።

ማንዴላ በእርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ እርሳስና ቀለም ይዞ የታሰረበትን ደሴት ሣለ። ሥዕሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ክፍሉ፣ መስኮቱ፣ ወደቡ፣ የመርከብ መብራቱ ማማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ። ቀለማቸው ደማቅ ነው። እስር ቤትን እንዲህ ባለ ቀለም የሣለ ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው ያሰኛል። በመስኮቱ ሥዕል ላይ ከብረቱ ፍርግርግ ማዶ በኬፕ ታውን ያለው የጠረጴዛ ተራራ ይታያል። የእውነተኛው ክፍል መስኮት ግን የሚያየው ወደ ግቢው ነበር። ተራራውን ያስገባው ራሱ ነው። በኖራ ድንጋይ ካባው ውስጥ ለዓመታት ሲቆፍር የድንጋዩ ንጣት ዓይኑን ጎድቶት ነበር፤ በዚያ በተጎዳ ዓይን ያስታወሰው ይህን ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ጠባቂ የለም። በአንድ ዓይንም በሁለት ዓይንም አልሣለውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሬዚዳንት ሲሆን ከቀድሞ ጠባቂዎቹ መካከል በበዓለ ሲመቱ የተጋበዙ ነበሩ። ከሥዕሉ ያስወጣውን ሰው በግብዣው አስገባው ማለት ነው።

በዚያው ደሴት ከማንዴላ ወደ 180 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ሌላ እስረኛ ነበሩ። ኢማም ዐብዱላህ ይባላሉ፤ ሕዝቡ ቱዋን ጉሩ ይላቸዋል፣ የተከበሩ መምህር ማለት ነው። በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ከምትገኘው ከቲዶሬ ደሴት የመጡ የንጉሥ ዘር ናቸው። የሆላንድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1780 ይዘው ወደ ኬፕ አምጥተው በሮበን ደሴት አሰሯቸው። መጽሐፍ የላቸውም፤ አገራቸው ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ከሥዕል ይልቅ ጽሑፍን መረጡ። በታሰሩ በዓመቱ ስለ እስልምናና ኢማን የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፈው ጨረሱ፤ ቁርኣንንም ከቃላቸው በእጃቸው ጻፉ። ከተፈቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1793 በኬፕ ታውን መድረሳ ከፈቱ፤ የባሪያም የነፃም ልጅ ይቀራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1807 አረፉ። የጻፉት ቁርኣን ዛሬም በዚያች ከተማ በአወል መስጂድ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይታያል።